እየሠራ ስለታሸገው ሳጥን

ሐረር፣ ጀጎል
የካቲት 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ የቀበሌያችን የሰላምና ጸጥታ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጓዳዬ ውስጥ ስላለው ኮምፒውተርና በውስጡ ስላለው የሴቶች አማና

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ የወገብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሐሙስ የጓዳዬን በር ሲያሽጉ፣ የጀጎል ቤት በር ዝቅ ያለ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆይተው፣ ቀና ሲሉ በአንድ እጅዎ ወገብዎን ይዘው በሌላው ግድግዳ ሲደገፉ ስላየሁ እስካሁን አሳስቦኛል። አላህ ዓፊያ ያድርግዎ። የአንዲት ሴት ጓዳ ለማሸግ እስከዚያ ድረስ የሚታጠፍ ኃላፊ በየከተማው አይገኝም፤ እኛ በማግኘታችን ልንኮራ ይገባናል።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ደፍሬ እንዳይመስልዎ። ፈርቻለሁ። በር ሲንኳኳ፣ የሚያንኳኳው ወተት አምጪዋ መሆኗን እያወቅሁ እንኳ «ማነው?» ከማለቴ በፊት በቀዳዳ አያለሁ። በዚህ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ሰው በምን እንደሚጠየቅ ስለማይታወቅ፣ እኔ ብወሰድ ከአልጋ የማትነሣው አማቴን ማን ያገላብጣታል እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ቢሮዎ መጥቼ ብቻዬን እንዳልነግርዎ ምላሴ እንደሚተሳሰር አውቀዋለሁ። ፈሪ ሰው ደግሞ ሰው በበዛበት መናገር ይቀለዋል። ስለዚህ ደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ በሠፈራችን ላሉ የሴቶች አፎቻዎች እልከዋለሁ፤ በለቅሶም በሰርግም የሚረዳዱት እነሱ ስለሆኑ፣ የእኔ ጉዳይ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን እነሱው ቢያውቁት ይሻላል።

በዕለቱ ሲመዘግቡኝ ሥራ በሚለው ላይ ሳይጠይቁኝ «የቤት እመቤት» ብለው ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ሥራዬ ግን የሰርግ ቪዲዮ መቅረጽ ነው፤ የምቀርጸውም የሴቶቹን ወገን ብቻ ነው። እርስዎ የዚህ ከተማ ሰው ስለሆኑ ያውቁታል፤ ደብዳቤው የማያውቅ ሰው እጅ ቢገባ ብዬ ነው የምተርከው። በሰርጋችን ወንዶቹ ከድንኳኑ ሲሆኑ ሴቶቹ ከቤት ውስጥ ነደባ በምንለው ከፍ ያለ መደብ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በሩ ይዘጋል፣ ጉፍታውና ሻሹ ይወልቃል፣ ጸጉር ይፈታል፣ አሮጊቷም ሙሽራዋም እንደ ልቧ ትጨፍራለች። እዚያ ወንድ ካሜራ ይዞ ይገባል ማለት የማይታሰብ ነው። እኔ ስገባ ግን ማንም ውል አያስፈርመኝም፣ «ናፊያ፣ አማና ነው» ብቻ ይሉኛል፤ አደራ ማለታቸው ነው። በእኛ ዘንድ ከዚህ ቃል በላይ የሚያስር ወረቀት የለም፤ ይህ ግን ማኅተም ስለሌለው ለኮሚቴው በማስረጃነት እንደማይቀርብ ይገባኛል።

አሁን ቅሬታ ብዬ መጥራት ስለምፈራ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ለሳጥኔ የሰጡትን ከፍ ያለ ግምት አመሰግናለሁ። «ይሄ ሰርቨር ነው» ሲሉ አብረውዎ የመጡት ሰዎች በአንድ ላይ ወደ ኋላ ሸሹ። ሰርቨር መሆኑ ልክ ነው። ከድሬዳዋ የተገዛ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር መሆኑም ልክ ነው። ወንድሜ ሪድዋን ሆዱን ከፍቶ ሁለት ትልልቅ ሐርድ ዲስክ ገጠመበት፤ በአንደኛው ላይ የገባው ሁሉ በሌላኛውም ላይ እንዲገባ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ አድርጎ ነው የሠራልኝ። ዋይፋዩ ከቤቴ አልፎ አይሄድም፤ እንግዶቼ ነደባው ላይ ተቀምጠው ሰርጋቸውን በቴሌቪዥን ያዩበታል። ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልተቀጠለበትም። ይህን ስነግርዎ «ኢንተርኔት ከሌለው የይለፍ ቃል ምን ይሠራለታል?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ የቤትዎ ቁም ሣጥንም ኢንተርኔት የለውም፤ ቁልፍ ግን እንዳለው እገምታለሁ።

እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባሁበትን ምክንያት በዕለቱ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኩዎም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ የቀረጽኳት አንዲት ሙሽራ፣ የሰርጓን ቪዲዮ የያዘ ስልኳን ሸዋ በር ካሉት የጥገና ሱቆች ለአንዱ መስታወት ልታስቀይር ሰጠች። መስታወቱ ተቀየረ፣ ቪዲዮውም ወጣ። ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ጫት የሚቃምበት ቦታ ሁሉ ደረሰ፤ የማያውቋት ወንዶች ስለ አንገቷና ስለ ጸጉሯ አስተያየት ሰጡ። ልጅቷ በራሷ ሰርግ ከመጨፈር በቀር ያጠፋችው የለም። ከዚያ ወዲህ በገዛ እህቷ ሰርግ እንኳ ከማድ ቤት አልወጣችም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኮፒ ለማንም መስጠት አቆምኩ። ያለው ሁሉ እኔ ዘንድ ይቀመጣል፣ ማየት የፈለገች መጥታ ታያለች አልኩ። በስልኳም በካርድም የቀራትን እያመጣች እዚያው ሳጥን ውስጥ እንድታስገባና ከስልኳ እንድታጠፋው ለመንኩ። ሴቶቹም አመኑኝና አመጡ።

2ኛ. ይህ መምጣት ነው እንግዲህ ለጥቆማ ያበቃኝ። ደጄን እንደ ራሱ ደጅ የሚጠብቅልኝ አንድ ጎረቤት፣ ሴቶች ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው እንደሚገቡ፣ በሩ ከውስጥ እንደሚቆለፍ፣ ረጅም ጊዜ ቆይተው ሲወጡም ዓይናቸው እንደሚቀላ ነግሮዎታል። አንድም ቃል አልዋሸም። ቦርሳው ውስጥ የነበረው የሚሞሪ ካርድ ነው። በሩ የሚቆለፈው ጉፍታ ስለሚወልቅ ነው። ዓይናቸው የሚቀላው ደግሞ ከሞቱ የቆዩ እናቶቻቸውንና አክስቶቻቸውን ሲጨፍሩ ስላዩ ነው። ይህን «ያልተፈቀደ ስብሰባ» ማለትዎን አልቃወምም። ከሙታን ጋር ለመሰብሰብ ፈቃድ ከየትኛው ቢሮ እንደሚወጣ ግን ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

3ኛ. ስለ ጩኸቱ። እናንተ ጓዳ ውስጥ እያላችሁ መብራት ጠፋ፣ ከሳጥኑ ሥር ያለው ባትሪም እንደ ልማዱ ጢው ጢው አለ። እርስዎም በጣትዎ እያመለከቱ «ለማን ነው ምልክት የሚሰጠው?» ብለው ጠየቁኝ። ለእኔ ነበር። «ቶሎ ድረሽና በደንብ አጥፊኝ፣ ጉልበቴ እያለቀ ነው» ማለቱ ነው። ሆኖም አንዱ ሰው መሣሪያውን ከትከሻው ሲያወርድ ስላየሁ «አላውቅም» አልኩ። «አላውቅም» ማለቴ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል። በሕይወቴ የተናገርኩት ከሁሉ የከፋ ውሸት በመንግሥት ወረቀት ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ስለተቀመጠልኝ አመሰግናለሁ።

4ኛ. «ክፈቺና ውስጡን እንየው» ሲሉኝ እምቢ አላልኩም። ሴት ትየው ነው ያልኩት። ሴት ፖሊስ ትሁን፣ መምህርት ትሁን፣ ከቢሮዎ የምትላክ ማንኛዋም ሴት ትሁን፣ መጥታ እስኪበቃት ትይ፤ የተደበቀ ነገር ካገኘች እኔ ራሴ በእግሬ ወደ እስር ቤት እሄዳለሁ ብያለሁ። እርስዎም በትዕግሥት አዳምጠውኝ፣ ኮሚቴው ሴት አባል እንደሌለው፣ ለአንድ ሳጥን ተብሎም አሠራር እንደማይቀየር አስረዱኝ። ከዚህ ከተማ ሕዝብ ግማሹ ሴት ሆኖ ሳለ አንዲት እንኳ ሾልካ ሳትገባ ኮሚቴ ማቋቋም ቀላል ችሎታ አይደለም።

5ኛ. ልትወስዱት ካልሆነ ከመብራት ነቅዬ ላጥፋው ብዬ ስለምን «ማስረጃ አይነካም» ተባልኩና እየሠራ ታሸገ። ክፍሏ ድሮ አዲስ ሙሽራ ትገባባት የነበረች ጠባብ ጓዳ ናት። ያለቻት አንዲት ትንሽ መስኮት ናት፤ እሷንም አሽጋችኋታል። ሙቀቱ መውጫ የለውም። ሥራ ስሠራ ቆይቼ ብድግ እልና ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፋለሁ፤ የማራገቢያውን ድምፅ ስሰማ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ባትሪው ከበሩ ወዲያ ይጮሃል፣ እኔም ከበሩ ወዲህ ቆሜ እሰማዋለሁ። የታመመ ልጅ እያለቀሰ በር እንደተቆለፈባት እናት ነው የምሆነው። ለሪድዋን ስደውልለት «ሁለቱም ዲስክ አንድ ላይ ቢግል አንድ ላይ ነው የሚሄደው» አለኝ።

6ኛ. ሰኞ «ባለሙያ» ይዘው መጥተው ሳጥኑን ከፍተው እንደሚያዩ፣ ስልኬንም አብረው እንደሚወስዱ ነግረውኛል። ባለሙያው ሸዋ በር ስልክ የሚጠግነው አቶ ዘላለም መሆኑን ከሰው ሰምቻለሁ። ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ክፉ ሲሠራ አላየሁትም። የዚያች ሙሽራ ቪዲዮ ከየትኛው ሱቅ እንደወጣም እስከ ዛሬ የተረጋገጠ ነገር የለም። ከዚያ ረድፍ መሆኑ ብቻ ነው የሚታወቀው። እርስዎ ግን ከከተማው ሁሉ መርጠው መርጠው ከዚያው ረድፍ ባለሙያ ማግኘትዎን ስሰማ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ወረቀት ያነሣሁት።

ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ። የቀረው ፍርሃቴ ነው፣ ቁጥር የለውም።

ክቡር ሆይ፣ በሩን አሽገዋል፣ ዋይፋዩን ግን አላሸጉትም። ሳጥኑ እየሠራ እስካለ ድረስ፣ ነደባው ላይ ተቀምጬ ከስልኬ ልገባበት እችላለሁ። ገብቼም ሁሉንም ነገር ማጥፋት እችላለሁ። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፣ «አዎ» ካልኩት በኋላ ከሁለቱም ዲስኮች ላይ ይጠፋል፤ ሪድዋንም ቢመጣ አይመልሰውም። እርስዎ ይህን አንብበው ከወንበርዎ ተነሥተው እኔ ቤት እስኪደርሱ ድረስ ጉዳዩ ያልቃል። ይህን የነገርኩዎ ልዛትብዎ ብዬ አይደለም፤ ብቻዬን ይዤው ስለከበደኝ ነው። ባጠፋው «ማስረጃ አጠፋች» ተብዬ እንደምወሰድ አውቃለሁ። ባላጠፋው ደግሞ ሰኞ እርስዎና አቶ ዘላለም በአማና የተቀመጠውን ሁሉ ታያላችሁ።

ሴቶቹም እኔም አንድ ሐሳብ ላይ መድረስ አልቻልንም። የልጇ የትዕግሥት የመልስ ጭፈራ እኔ ዘንድ የተቀመጠላት ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ከመድኃኔ ዓለም ስትመለስ ነጠላዋን እንዳጣፋች ገብታ «አጥፊው ናፊያዬ፤ ልጄ ሰርጓን ባታየው ነው የሚሻለው» አለችኝ። (ሳጥኑ ሃይማኖት እንደማይለይ ኮሚቴው እንዲያውቅልኝ ነው ይህን የጨመርኩት።) ሌሎቹም አብዛኞቹ እንደ እሷ ናቸው። ከመካከላቸው መንገድ ላይ ስታየኝ አቅጣጫ የምትቀይርም አለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ራሴን ባየው አቅጣጫ እቀይር ነበር።

ሰሚራ ግን ሌላ ናት። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ልጅ ናት፤ እናቷ ዘይነባ ፎቶ መነሣት ስለማትወድ አንድ እንኳ ፎቶ ሳትተው ነው የሞተችው። ያለቻት ምስል በሰሚራ ሰርግ ቀን እኔ የቀረጽኳት ብቻ ናት። ያኔ ሕመሙ ጠንቶባት ነበር፤ ከበሮው ሲመታ ግን ጉፍታዋን አውልቃ፣ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ተነሣች፣ ትከሻዋን ትንሽ ነቅንቃ ሳቀችና ተቀመጠች። ሰሚራ በየረመዳኑ መጥታ ያቺን ታያለች። በስልክ ቀድቼ ላውጣልሽ ብላት፣ ስልክ በየኬላው በሚፈተሽበት በዚህ ጊዜ እናቷን ኪሷ ይዛ መሄድ እንደማትችል ነገረችኝ፤ የዚያች ሙሽራ ነገርም አልወጣላትም። «እንግዲያ ምን ላድርግ?» ብዬ ጠየቅኋት። በሩ ሥር ተቀምጣ የማራገቢያውን ድምፅ ስታዳምጥ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦

«ካጠፋሽው እናቴን እንደገና ቀበርሻት። ካላጠፋሽው ደግሞ ለሐኪም እንኳ ያልገለጠችውን ጸጉሯን ወንድ ያየዋል። ወላሂ እኔ አላውቅም። እኔን አትጠይቂኝ አቦ።»

እኔም አልጠየቅኋትም። እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። እስካሁን አላጠፋሁትም። ስልኩን አነሣለሁ፣ እስከ መጨረሻው ጥያቄ እደርሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። መስኮቷን ይክፈቱልኝና ሳጥኑ አየር ያግኝ። ሰኞም በአቶ ዘላለም ፈንታ አንዲት ሴት ይላኩልኝ። ከአፎቻ ሴቶች ጋር ትቀመጥ፣ ያለውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትይ፤ እልልታው ጆሮዋን ካላሳመማት በስተቀር የሚጎዳት ነገር እንደማታገኝ አረጋግጥልዎታለሁ። ያየችውን ትጻፍ፣ እኔም እፈርማለሁ። ይህን ያህል ቢያደርጉልኝ አዋጁም አይላላም፣ ከተማውም አይናወጥም፤ እርስዎም ሁለተኛ ጎንበስ ማለት አያስፈልግዎትም።

ስለ ጊዜዎ፣ ስለ ወገብዎ፣ እኔን ከሚገባኝ በላይ አደገኛ አድርገው ስለቆጠሩኝም ደግሜ እያመሰገንኩ፣ አላህ ዕድሜዎን እንዲያረዝምልዎ፣ ቤትዎን በሰርግ እንጂ በሐዘን እንዳይጎበኝ፣ የእርስዎንም በር ማንም ሳያንኳኳ እንዳይገባበት እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ፍርሃት እሰናበትዎታለሁ።

ትሑት ነዋሪዎ
ናፊያ ዓሊዪ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
— በሠፈራችን ላሉ የሴቶች አፎቻዎች በሙሉ
— ለወንድሜ ለሪድዋን፣ ድሬዳዋ
— ደጄን ለሚጠብቅልኝ ጎረቤት፤ ከሰው ከሚሰማው ራሱ ቢያነበው ብዬ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ልወጣ ስል አንዲት ሴት ፊቷን ሸፍና መጣች። በብዙ ሰው ሰርግ ላይ ስለጨፈረች የእሷን ብቻ እየለቀምኩ እንዳጠፋላት ለመነችኝ። እጄ እምቢ ስላለኝ ስልኩን ሰጠኋትና «አንቺው ተጫኚው» አልኳት። ስልኩን እንደያዘች ወደ ጓዳዋ በር ዞረች፤ እርስዎ ፈርመው የለጠፉበትን ወረቀት ቀርባ አየችው። «ይሄን ፊርማ አውቀዋለሁ» አለችኝ፤ «በኒካሔ ወረቀት ላይም ከባሌ ስም ጎን አለ።» ከዚያ ስልኬን መለሰችልኝ። «አታጥፊው። ሰኞ እኔ እዚህ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ከባለሙያው ጋር አብሮ ይየኝ።» ስሟን አልጽፍም፣ አማና ነው። ይህን እንድጨምር ግን ያዘዘችኝ እሷ ናት፦ «ጻፊለት፤ እኔ በቃል ልነግረው እፈራዋለሁ።»